ከማዶ ያነሳሁት ልጅ

ዛሬ ስለ ካሜራዬ ላወራችሁ ነው። «በሞባይል ዘመን ደግሞ ምን ካሜራ አመጣሽብን?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው። የጃፓን ካሜራ አምራቾች በ2010 እ.ኤ.አ. ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለዓለም ገበያ አቅርበው ነበር። በ2023 ግን 8 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ሞባይል በልቷቸዋል። የኔዋ ከተረፉት አንዷ ናት።

እናላችሁ በ2014 ዓ.ም. በጋዜጠኝነት ስመረቅ አሜሪካ ያለችው አክስቴ «ጋዜጠኛ የሚይዘው ዓይነት ይሁን» ብላ ገዝታ ላከችልኝ። ካነን ፓወርሾት ኤስኤክስ 730 ትባላለች። በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የወጣችው። ክብደቷ 300 ግራም ገደማ ነው፤ ጃኬት ኪስ ውስጥ ትገባለች። ለመጀመሪያ ጊዜ መግለጫ ላይ ይዣት ስሄድ ትከሻ የሚያክል ካሜራ የተሸከመ አንድ ባለሙያ ዞር ብሎ አየኝና «እህቴ፣ ለልደት ነው የመጣሽው?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ (ምን ላድርግ?)።

ዙሟን ሳወጣ ግን ሳቁ ቆመ። የኔዋ 40 እጥፍ ዙም አላት። ይህ ማለት 40 እጥፍ ሩቅ ታያለች ማለት አይደለም፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሌንሷ ሲሰበሰብ የትኩረት ርቀቱ 4.3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ተዘርግቶ ሲያበቃ 172 ይደርሳል። 172ን ለ4.3 ስታካፍሉት 40 ይመጣል፤ ምስጢሩ ይኼው ነው። በትልልቆቹ ካሜራዎች ስሌት ከ24 እስከ 960 ሚሊ ሜትር እንደማለት ነው። ኪስ ውስጥ ልትገባ የቻለችው ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሯ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ስለሚያንስ ነው። ከባለሙያዎቹ ትልቅ ሴንሰር ጋር ሲተያይ በስፋት 30 ጊዜ ያህል ያንሳል።

ዋጋውንም ታስከፍላለች። ዙሙ ሲዘረጋ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር፣ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ፎቶው በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። እጃችሁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ፣ ከመተንፈሳችሁም የተነሳ፣ ያነጣጠራችሁት ነገር ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። እኔ ክርኔን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው የማነሳው።

ግን ስታምር! ሥጋ ቤት በር ላይ የምታንዣብብ ጭልፊት ላባዋን ቆጥሬያለሁ። የጨረቃን ጉድጓዶች ከቤታችን ግቢ ሆኜ አንስቼ ለእናቴ ሳሳያት አማተበች። ለጥምቀት ጃን ሜዳ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ ከፊት ያሉ አንዲት እናት ጉንጭ ላይ የወረደውን እንባ አምጥቻለሁ። እሳቸው አላዩኝም። ማንም አላየኝም።

ችግሩ የጀመረው እዚያ ጋ ነው። እኔ ዓይናፋር ነኝ። ጋዜጠኛ ዓይናፋር መሆኑ ዋና የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ እንደመሆን ነው። ሰው ፊት ቀርቤ «ይቅርታ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ማለት ያስጨንቀኛል። ዙሟ ከዚህ ጭንቀት ገላገለችኝ። ሰላም ሳልል፣ ሳልጠይቅ፣ ስሙን ሳላውቅ የሰው ፊት ይዤ ወደ ቤቴ መግባት ለመድኩ።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው። ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ያለ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ አንድ ሊስትሮ ልጅ የደንበኛ ጫማ ወልውሎ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ በጫማው አፍንጫ ላይ የራሱን ፊት ሲያይ አየሁት። እንደ መስታወት! ክርኔን አስደግፌ ዙሙን እስከ መጨረሻው ዘረጋሁትና ጠቅ አደረግሁ።

ማታ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩም «ነገን የሚወለውል» ብዬ ጻፍኩ (እባካችሁ አትሳቁብኝ)። ከሁለት ሺህ በላይ ላይክ አገኘ። ሰው ለሰው ተቀባበለው። እኔም «ፎቶግራፈር ሆንኩ» ብዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ጫማዬን ላስጠርግ እሱ ጋ ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና ጫማዬ ንጹሕ ነበር። የሄድኩት ላስደስተው ነው። ሞባይሌን አውጥቼ «ይኼ አንተ አይደለህም?» አልኩት።

አላሳቀውም። ብሩሹን ሳጥኑ ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ ያነሳሽኝ?»

ከሆሳዕና ወጣ ካለ ገጠር ነው የመጣው፤ 16 ዓመቱ ነው። ለእናቱ የነገራት ዘመድ ሱቅ ውስጥ እየሠራ ማታ ማታ እንደሚማር ነበር። መማሩ እውነት ነው፤ ሱቁ ነው ውሸቱ። ከተማ ያለው አጎቱ ፎቶውን ሞባይል ላይ አይቶ ለእናቱ አሳያት። እናቱ ስልክ ላይ ያለቀሰችውን እያሰበ አንገቱን ደፋ። «ልጄ የሰው እግር ሥር ቁጭ ብሎ አየሁት አለች» አለኝ። አጎቱ መጥቶ ሊወስደው እየዛተ ነው።

«ግን ከየት ሆነሽ ነው ያነሳሽኝ?»

በጣቴ በረንዳውን አሳየሁት። ቀና ብሎ ብዙ አየው።

«ያን ያህል ርቀት? ወርደሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ብጠይቅህ እሺ ትል ነበር?»

«እል ነበር። ሳጥኔን ደብቄ፣ ካርዴን ይዤ ነበር የምነሳው። ከ4ኛ ወደ 5ኛ አልፌያለሁ እኮ።»

የማላውቀው ነገር ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትም ማባዛትም እንደማይቻል ይናገራል። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ በአደባባይ የሆነ ነገር አንዱ ነው። ሁለቱንም ለፈተና ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አግኝቼባቸዋለሁ። ጎበዝ ጠበቃ በ28 ይከራከርልኝ ይሆናል። እናቱ ፊት የሚከራከርልኝ ግን ማን ነው?

ፎቶውን በዚያው ሰዓት አጠፋሁት። እኔ ጋ ጠፋ እንጂ ሌሎች አውርደው በየገጻቸው የለጠፉትን ማን ያጠፋዋል? ዛሬም አልፎ አልፎ «ሥራን ሳይንቁ መሥራት» ከሚል ምክር ጋር ሲዞር አገኘዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት እንድመጣ ቀጠረኝ። ስደርስ ፀጉሩን አርጥቦ አበጥሯል፤ የጓደኛውን ጃኬት ለብሷል፤ ካርዱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዟል። ዙሟን ሰበሰብኳት። ሌንሷ እንደዚያ ሲሆን ሰፊውን ነው የምታየው፤ የሰው ፊት እንዲሞላላችሁ ከፈለጋችሁ እናንተ ራሳችሁ ትጠጋላችሁ። ተጠጋሁ። በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለች። ከበረንዳው ባነሳሁት ላይ አጎንብሶ ስለነበር አልታየችም። ሌንሱን ትክ ብሎ አየ። ጠቅ።

ፎቶ ቤት ወስጄ ሦስት ኮፒ አሳተምኩ። ሰኞ ይዤ ስሄድ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ሳጥኑ ግን የእሱ ነው።

«ቅዳሜ አጎቱ መጥቶ ወሰደው» አለኝ።

ፖስታውን ለመስቀል አገሩ ለሚሄድ ጓደኛው ሰጠሁት። ከበዓል ሲመለስ «አድርሻለሁ፤ እናትየዋ ተቀበለችኝ» አለኝ። ልጁስ? ትምህርቱስ?

«እርሻ ላይ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ በረንዳውም፣ ማዶ ያለው የሊስትሮዎቹ ጥግም አብረው ሄዱ። አሁን ያንን ርቀት ልለካው ብል እንኳ የምቆምበት ቦታ የለኝም።

ካሜራዬ አለች። ለጭልፊትና ለጨረቃ ዙሟን እንደልቤ እዘረጋለሁ፤ እነሱ እናት ፊት የሚያፍሩበት ነገር የለም። ሰው ሲሆን ግን ሄጄ ሰላም እላለሁ፣ እጠይቃለሁ። «አይሆንም» ሲሉኝ ፎቶው ይቀራል። ብዙ ቆንጆ ፎቶ ቀርቶብኛል፤ ያቃጥለኛል፣ አልዋሻችሁም።

ትናንት ሾላ ገበያ ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» ስላቸው ከላይ እስከ ታች ራሳቸውን አዩና ሳቁ። «ዛሬ ነጠላዬ አድፏል ልጄ፤ ነገ ታጥቦ ይደርቃል፤ ነገ ነይ» አሉኝ።

ነገ እሄዳለሁ።