ዱባው ሲጠወልግ ከመርጫው በፊት ቢላዋ አንሡ

በፎገራ ሜዳ አትክልት ጠወለገ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚነሣው የጀርባ መርጫ ነው። ልማዱ ከሽንኩርቱ የመጣ ይመስለኛል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ይታጨዳል፤ ከርብና ከጉማራ ወንዞች በሞተር ፓምፕ ውሃ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተከላል። ሽንኩርቱን ትሪፕስ የሚባለው ተባይ ይወረዋል፤ ይረጫል፣ ይደገማል፣ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ባንድ ታንክ ይቀላቀላል። ለዘር፣ ለነዳጅና ለጉልበት ሠራተኛ የተበደረ ሰው ማሳው ሲበላሽ እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልም። አልፈርድበትም። ነገር ግን ይህ ርጭት ጨርሶ የማያድነው የበሽታ ዓይነት አለ፤ ነፍሳት ተሸክመው የሚያመጡት ባክቴሪያ።

አካሄዱን ጥርት አድርጎ የሚያሳየው በሰሜን አሜሪካ ኪያር፣ ሜሎንና ዱባ የሚፈጀው የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ተሸካሚው ቢጫ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ያለበት ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ባክቴሪያው ጥንዚዛው አንጀት ውስጥ የብርዱን ወራት ያሳልፋል። ጥንዚዛው ለጋውን ቅጠል ይበላና እዚያው ኩሱን ይጥላል፤ ባክቴሪያው በተነከሰው ቦታ ገብቶ ውሃ የሚያመላልሱት ቱቦዎች ውስጥ ይራባል፤ ይደፍናቸዋል። በመጀመሪያ አንድ ቅጠል ይዝላል፤ ቀጥሎ አንዱ ሐረግ፣ በመጨረሻ ተክሉ በሙሉ። አፈሩ ርጥብ ሆኖ ተክሉ በጥም ይሞታል። በሽታው በዘር አይተላለፍም፣ አፈር ውስጥም ተደብቆ አይከርምም። ቱቦው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ከውጭ የሚረጭ ምንም ነገር አይደርስበትም። ስለዚህ የዚያ አገር ገበሬ ድካሙን ሁሉ የሚያውለው ችግኙ ለጋ በሆነባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ ነው። መደቡን በስስ ጨርቅ ይሸፍናል፤ አበባ ሲወጣ ለንቦች ሲል ይገልጠዋል። አንዳንዱ በማሳው ዙሪያ ጥንዚዛው አብዝቶ የሚወደውን የዱባ ዓይነት ይተክላል፤ ጥንዚዛው እዚያ ሲሰበሰብ ዳሩን ብቻ ይረጫል፣ መሐሉን ይተዋል። ይህም የመድኃኒቱን ወጪ ይቀንሳል።

ያ ጥንዚዛ ፎገራ ላይ የለም። በነፍሳት የሚዛመት ባክቴሪያ ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። የእንሰት አጠውልግን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ መዝገብ አስፍረውታል፤ በ1974 ደግሞ ሙዝ ላይ መገኘቱ ተመዘገበ። እንሰት ላይ ዋናው አስተላላፊ ያልጸዳ ቢላዋ ሲሆን ሙዝ ላይ አበባውን የሚጎበኙ ነፍሳትም ይጨመሩበታል። ወደ እኛ ቀረብ ሲል፣ ሰሜን ወሎና ትግራይ ውስጥ ብርቱካንን የሚያደርቀው የሲትረስ ግሪኒንግ ባክቴሪያ፣ የእስያው ዓይነት፣ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። እሱም ቅጠል ላይ ተቀምጣ ፈሳሽ በምትመጥ ትንሽ ነፍሳት ይጓዛል።

አሁን ወደ ጓሯችን። ወረታ ዙሪያ ዱባ ሲጠወልግ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲያቁር ሥር ይታፈናል። ሥርን የሚያበሰብስ ፈንገስ አለ፤ ሐረግ ውስጥ ገብቶ የሚበላ ትል አለ። ሁሉም ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ውሃ ለቆረበት ማሳ ፀረ ነፍሳት መርጨት ገንዘብን ርብ ውስጥ መጣል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁረጡ። የጠወለገውን ሐረግ ከሥሩ አጠገብ በስለት ቁረጡና ሁለቱን ቁራጮች አጋጥማችሁ ጥቂት ያዙ፤ ከዚያ ቀስ እያላችሁ አለያዩ። አጣባቂ ቀጭን ክር ከተሳበ ባክቴሪያን ጠርጥሩ። ቲማቲም ከሆነ የግንዱን ቁራጭ ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ አንጠልጥሉት፤ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። የቲማቲሙ ግን ነፍሳትን አይጠብቅም፤ አፈር ውስጥ ይኖራል፣ ከማሳ ወደ ማሳ በሚፈስ የመስኖ ውሃም ይሄዳል። ቢላዋውን በእሳት ወይም በበረኪና ሳታጸዱ ወደ ሌላ ተክል አትለፉ። የታመመውን ነቅላችሁ ከማሳው አርቃችሁ ቅበሩ እንጂ ቦይ ዳር አትጣሉ።

ለርጭትም ሰዓት አለው። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው፤ ያለ ንብ ፍሬ የለም። አበባው ማለዳ ይፈካል፣ ቀኑ ሲገፋ ይከደናል። የግድ መርጨት ካለባችሁ አመሻሽ ላይ ይሁን። ማለዳ የሚረጭ ሰው የራሱን ፍሬ እየገደለ ነው፤ የጎረቤቱን ቀፎም ጭምር። ከማሳ የታጠበው መድኃኒት ደግሞ በርብና በጉማራ አድርጎ የሚገባው ጣና ነው፤ ዓሣው ከዚያ ይወጣል።

ሌላው ችግር ማሳው ኩታ ገጠም መሆኑ ነው። ነፍሳት ወሰን አያውቁም። አንዱ የታመመውን ነቅሎ ሲቀብር ሌላው ትቶት ከዋለ የመጀመሪያው ድካም ከንቱ ነው። ለአጨዳ በወንፈል የምንወጣ ሰዎች፣ የችግኙ የመጀመሪያ ሳምንታት ላይ በሳምንት አንድ ጠዋት አብረን ማሳ ብንቃኝ ምን ይጎዳናል? የወረዳው ግብርና ባለሙያዎችም ርጭት ከማስተማር በፊት በሽታን መለየት ያስተምሩ። ይህን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ወረታ፣ ደራ፣ ሊቦ ከምከም ዘመድ ያላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ላላነበቡት ደውላችሁ ወይም ገበያ ላይ አግኝታችሁ ንገሩልኝ። የጠወለገውን ከመርጨታቸው በፊት ይቁረጡት፤ ክሩን ካዩ ደግሞ ቁራጩን በላስቲክ ቋጥረው ለቀበሌያቸው የልማት ሠራተኛ ያሳዩ።