ከቦንጋ ደን እስከ ዶራሌ ወደብ

ባለፈው የኅዳር ወር ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ከፋ አገር ወርደን ነበር። ጅማን አልፎ የጎጀብን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ቦንጋ እስኪደርስ ድረስ ዓይኑ ከለምለም አይለይም። ኮረብታው ሁሉ ደን ለብሷል፤ ከትልልቁም ዛፍ ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ይገኛል። ይህንንም ደን በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት ሊጠበቁ ከሚገባቸው ሥፍራዎች ጋራ መዝግቦታል። የማኪራ ሰዎችም ቡና በመጀመሪያ የተገኘው በእኛ ዘንድ ነው እያሉ በኩራት ይናገራሉ።

ያደርንበት ቤት ጌታ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ቡናውን አፍልታ በረካውን ስትቀዳ ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ ጠየቁን። «ጌታዬ፥ አምና ቡናችንን የወሰደው ነጋዴ ቀሪውን ሒሳብ ያመጣልን ከአራት ወር በኋላ ነው። ምክንያቱን ብንጠይቀው መርከብ ዘገየ አለን። ይህች ልጅ በዚያ ገንዘብ ጅማ ሄዳ ልትማር ነበርና ዓመቱ አለፈባት። እኛ ባሕር አይተን አናውቅም፤ መርከብ ዘገየ ማለት ምን ማለት ነው?» ስንት መዝገብ ያገላበጥን ሰዎች ስንሆን ለዚህ ጥያቄ መልስ አጥተን አፈርን። ስለዚህ በጥር ወር ወደ ጅቡቲ የምንሄድበት ጉዳይ በተገኘ ጊዜ ጥያቄውን በልባችን ይዘን ሄድን።

ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር፥ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ደግሞ በምድር ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፊተኛው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፥ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ቀድሞ ለምዕራቡ አገር ቡና ቀረብ ያለ ሌላ በር ነበረው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ሥፍራ ተፈቅዶ፥ በኋላ ጋምቤላ ላይ ወደብ ተቋቁሞ ነበርና ቡናው በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። ነገር ግን መርከቡ የሚመጣው ክረምት ሆኖ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነው፤ በበጋ ውኃው ይጎድላል፥ መርከብም አይደርስም። ከዚህም የወደብ ነገር ሁሉ በውኃ ጥልቀት ላይ የቆመ መሆኑን እንረዳለን። በአሰብ በኩል የነበረው መንገድ በ1990 ዓ.ም. በጦርነት ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ፥ አገራችን ከውጭ ጋራ ከምትለዋወጠው ዕቃ ከ100 ከ90 እጅ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል ያልፋል።

አሁን ስለ ዶራሌ እንናገር። በ1948 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ማልኮም ማክሊን የተባለ ነጋዴ 58 የብረት ሣጥን በአንድ መርከብ ጭኖ ሰደደ። ይህ ኮንቴይነር የሚባለው ሣጥን ዓለምን ሁሉ ወረሰ፤ ዛሬ ከመርከቦች ትልልቆቹ በ20 ጫማው ሣጥን ልክ ከ20,000 በላይ ይይዛሉ። መርከብ በከበደ ቁጥር ሆዱ ወደ ውኃው ጠልቆ ይገባልና፥ የወደቡ ወለል ጥልቅ ካልሆነ ደጅ ቆሞ ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ዕቃው በሌላ ወደብ ወርዶ በትንሽ መርከብ መመለስ አለበት፤ ጊዜውም ገንዘቡም ድርብ ይሆናል።

ስለዚህ ጅቡቲዎች ከአሮጌው ወደብ ወደ ምዕራብ ራቅ ብለው በዶራሌ አዲስ ሥራ ጀመሩ። በ2001 ዓ.ም. 18 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የኮንቴይነር ወደብ ተከፈተ፤ በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ ብረት፥ እህል፥ ማዳበሪያና መኪና የሚራገፍበት ሌላ ወደብ ተመረቀ። ይኸኛው እስከ 100,000 ቶን የሚጭን መርከብ እንዲያስተናግድ ተደርጎ የተሠራ ነው። የባሕሩ ወለል ተቆፈረ፤ መርከብ የሚጠጋበት ረጅም ግንብ ተገነባ፤ ክሬን ተተከለ፤ የባቡሩም ሐዲድ እስከዚያ ደረሰ። የከፋ ነገሥታት እስከ 1889 ዓ.ም. ድረስ ጠላት እንዳይገባባቸው አገራቸውን በጥልቅ ቦይ አጥረው ይኖሩ ነበር፤ በዶራሌ የተቆፈረው ግን እንግዳ ይገባ ዘንድ ነው።

ከግንቡ ዳር ቆመን ክሬኑ ሣጥኑን እንደ ክብሪት ቤት ሲያነሣ ስናይ ተደነቅን። አንዱ ሣጥን ብቻ 60 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ 300 ያህል ይይዛል፤ ይህም የስንት ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ነው! ከዚያ ለሚሠራ አንድ ጸሐፊ የሽማግሌውን ጥያቄ ነገርነው። እርሱም ፈገግ ብሎ፥ «ትልቅ መርከብ የተቆረጠ ቀን አለው፤ ማንንም አይጠብቅም። ብዙ ጊዜ የሚዘገየው መርከቡ ሳይሆን ሣጥኑ ነው። አንዲት ፊርማ ትጎድላለች፤ ወረቀቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መርከቡ ይሄዳል፤ ሣጥኑም የሚቀጥለውን ይጠብቃል» አለን።

ይህን በሰማን ጊዜ ደስታችን ቀዘቀዘ። ባሕሩ 18 ሜትር ቢጠልቅ፥ ክሬኑም ቢበረታ፥ ወረቀቱ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ካደረ ምን ይረባል? ወደቡ አፍ ነው፤ መንገዱና መሥሪያ ቤቱ ጉሮሮ ናቸው። አፉ ሰፍቶ ጉሮሮው ከጠበበ የጎረሰ ሁሉ መታነቁ አይቀርም። እኛ ራሳችን «ነገ ይመለሱ» ያልነው ባለጉዳይ ስንት እንደ ሆነ ስናስብ የዚያች ልጅ ፊት በዓይናችን ላይ መጣብን።

ወደ ቤታችንም በተመለስን ጊዜ ለሽማግሌው እንዲህ ብለን ጻፍን። «አባቴ፥ ነጋዴው እውነቱን ይሁን ሰበብ ፈጥሮ እኛ ለመፍረድ አንችልም። ባሕሩን ግን አይተነዋል፤ ጥልቅ ነው፥ መርከቡም ትልቅ ነው። የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ወዲህ ነው፤ ከሚያዘገዩትም ሰዎች እኛ አንዱ ሳንሆን አንቀርም።»

ይህን የምታነቡ ወንድሞቻችን ሹማምንት ሆይ፥ ማታ በቤታችሁ ቡና ተፈልቶ ስኒው በእጃችሁ ሲገባ፥ በጠረጴዛችሁ ላይ ያደረ ወረቀት እንዳለ እስቲ አስቡ። ቢኖር ነገ በጧት ይፈረምበት፤ ከፋ ላይ አንዲት ልጅ ትጠብቀው ይሆናልና።