ጋሼና የ1977ቱ ጾም

በ1977 ዓ.ም. ደሴ ላይ ጀማሪ መምህር ነበርኩ። ገዥው ፓርቲ ኢሠፓ በጳጉሜ ተመሥርቶ፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት መስከረም 2 ቀን በድምቀት ተከብሮ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማን አባል እንደሚሆን በሹክሹክታ የሚወራበት ዓመት ነው። ከደሴ በስተሰሜን፣ ኮረም ላይ፣ ረሃቡ ሰው ይፈጅ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። በመምህራን ክበብ ምሳ ማዘዝ ያኔ መታያ ነበር። ካድሬው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል። ንጋት ላይ ነጠላ ተከናንበው ኪዳን ሲያስደርሱ ያየኋቸው ሰዎች ቅቅል አዝዘው ቶሎ ቶሎ ይጎርሳሉ። አልፈርድባቸውም፤ የሚያሳድጓቸው ልጆች ነበሯቸው። ፊታቸው ግን እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። የሚጎርሱት አይጥማቸውም፤ ዐይናቸው ወደ በሩ ነው።

ጋሼ ታሪክ አስተማሪ ነበሩ። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ እዚያው አብረውን ተቀምጠው ይጫወታሉ። አንድ ቀን በውይይት ክበብ ላይ ሰብሳቢው፣ «ጓድ መምህር፣ ጨጓራ ያምዎታል ይባላል፤ እውነት ነው?» አላቸው። መውጫ ሲሰጣቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ብዙዎች የተሻገሩት በዚያችው ጨጓራ ነው።

«ጤነኛ ነኝ። እጾማለሁ።»

ሰብሳቢው አንድ ነገር ጻፈ። በዓመቱ ጋሼ ወደ ሩቅ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወሩ።

የዚያ ውይይት ዕለት ማታ እየሸኘኋቸው፣ «ጋሼ፣ አዎ ቢሉትስ?» አልኳቸው።

«ነገ የሐኪም ወረቀት አምጣ ይለኛል። ከዚያ ሌላ ውሸት ልፈልግ ነው። አልችልም ልጄ፤ የዋሸሁትን ሁሉ እያስታወስኩ መኖር ይደክመኛል።»

በ1983 መንግሥት ወደቀና መስቀሉ ሁሉ ከልብስ በላይ ወጣ። ከዓመታት በኋላ ጋሼ ደሴ ተመልሰው ሳሉ በአንድ የሰንበት ጉባኤ ላይ ስለ እምነታቸው ጽናት እንዲመሰክሩ ተጋበዙ። እኔም ነበርኩ። ገና ሲነሡ እልልታው ቀለጠ።

«ስለ እምነት አልተጋደልኩም» አሉ። «እናቴ በሞተች ዓመት የያዝኩት ጾም ነበር፤ መተው አልሆነልኝም። ማመን አለማመኔን ያኔ በቅጡ አላውቅም ነበር። ጠየቁኝ፣ ያለውን ነገርኳቸው።»

እልልታው ቆመ። ካህኑ ቀና ብለው አዩዋቸውና መልሰው አቀረቀሩ።

ለእኔ ይህኛው ከ1977ቱ ይከብዳል። ያኔ የተቋቋሙት ፍርሃትን ነው፤ ፍርሃትን የሚቋቋም ሰው ደግሞ ጠላቱን ያውቀዋል። አሁን ግን የሚወዷቸው ሰዎች የማይገባቸውን ክብር በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው ነበር፤ ዝም ብሎ መቀበል ብቻ ይበቃ ነበር። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም፤ ከራሳቸው በቀር።

ከዚያ ወዲህ በጉባኤ ተናገሩ ያላቸው የለም። ጾማቸውን ግን አልተዉም። አንድ ፍልሰታ ቤታቸው ሄጄ፣ «አሁንስ ያምናሉ?» ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «አንዳንድ ቀን» አሉኝ።