የሌሊቱን ተረኛም ጠይቁ

ትልቁ ልጄ ድርጅቶች ግዢያቸውን፣ ንብረታቸውንና ሒሳባቸውን በአንድነት የሚመሩበትን ሶፍትዌር ያዘጋጃል። ኤስኤፒ ይባላል፤ በ1972 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የተመሠረተ ኩባንያ የሚሠራው ነው። በየቀኑ አምሽቶ ሲገባ፣ «ይኼ ነገር ተጭኖ የሚያልቅ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መጫኑ ቀላል ነው እማዬ፤ አድካሚው ሥራውን በእርምጃ በእርምጃ መደርደሩ ነው» አለኝ።

እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሰፊው ዘርፍ ይቀመጣል፤ ለምሳሌ ግዢ። በሥሩ የሥራ ሂደቱ ይገባል፤ ለመጋዘን ዕቃ መግዛት እንበል። ከዚያ እርምጃዎቹ በተራ ይደረደራሉ፦ ማዘዝ፣ ዕቃውን መረከብ፣ ሻጩ የጠየቀውን ሒሳብ ከታዘዘውና ከገባው ጋር ማመሳከር። በመጨረሻ እያንዳንዱ እርምጃ በማሽኑ ውስጥ ከሚመዘገብበት ቦታ ጋር ይያያዛል። ይህን ትራንዛክሽን ይሉታል፤ አጭር መጠሪያም አለው። ዕቃ ሲገባ «ሚጎ»፣ ሒሳብ ሲመሳከር «ሚሮ» ነው።

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛም እኮ ነበረን! መድኃኒት ወደ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል፤ ቀሪው በቢን ካርድ ላይ ይሰፍራል። እርምጃ ከነወረቀቱ ማለት ይኸው ነው።

ነገር ግን በነርስነት ያሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ ነገር አስተምረውኛል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የወለደች እናት ደም ሲፈሳት፣ ጠይቆ፣ አስፈርሞ፣ አስወጥቶ የሚባል ተራ የለም። ኦክሲቶሲኑ ከፍሪጅ ይወጣል፤ እናቲቱ ትወጋለች፤ ወረቀቱ ሲነጋ ይደርሳል። ሥርዓቱ ለዚህ ቦታ ካልሰጠው ሠራተኛው መድኃኒቱን መስጠቱን አይተውም፤ የሚቀረው መዝገቡ ነው። ያኔ መዝገቡ አርባ አምፑል አለ ይላል፤ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ግን አራት ነው። በአርባው የተማመነ ሰው አዲስ አያዝም። ዕዳው በሚቀጥለው ሌሊት በምትመጣው እናት ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ልጄን፣ «ኃላፊዎቹን ብቻ አትጠይቅ፤ የሌሊቱን ተረኛም ጠይቅ» አልኩት። እሱም የመጋዘን ሠራተኛዋን አነጋገራት። ማሽን ሲበላሽ መለዋወጫው በስልክ ታዝዞ፣ የግዢ ትእዛዙ ሳይጻፍ ዕቃው በር ላይ እንደሚደርስ ነገረችው። በኃላፊዎቹ ወረቀት ላይ ይህ የለም። አሁን ለአስቸኳይ ግዢ ለብቻው መንገድ አበጅተውለታል፤ ማን እንደሚፈቅድና በስንት ሰዓት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበትም ተወስኗል።

ጥብቅነት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ዕቃ ያዘዘው ሰው ራሱ ተረክቦ ራሱ ክፍያ የሚያጸድቅ ከሆነ ለሌብነት በር ተከፈተ ማለት ነው። እርምጃዎቹን ለተለያየ ሰው ማከፋፈሉ ለዚህ ይጠቅማል። ሆኖም ሥራው በእውነት የሚሄድበትን መንገድ ያላየ ጥብቅነት ሰውን መደበቅ ያስለምዳል።

እናንተም መሥሪያ ቤታችሁ «ሲስተም ልናስገባ ነው፤ ሥራችሁን አስረዱን» ቢላችሁ፣ መመሪያው የሚለውን ብቻ አንብባችሁ አትመለሱ። በተጨነቃችሁበት ቀን እንዴት እንደምትሠሩ ንገሯቸው። ማሽን የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው።