የብብቴን ስጥል

ዘጠኝ ሺህ ብር ጎደለ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ማሽኑም ቆጠረ፣ አለቃዬም ቆጠረች። ያው ነው። ሰኔ 2017፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፏል፣ ጥበቃው በሩ ጋ ቆሞ ቁልፉን ያንቀጫቅጫል። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ደረስንበት፤ 1,000 ብር ሊያወጣ ለመጣ ሰውዬ 10,000 ቆጥሬ ሰጥቻለሁ። ካሜራው ላይ የገዛ እጄ ሲሰጥ ይታያል። ስንደውልለት መጀመሪያ «አጣራለሁ» አለ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ባንክ ውስጥ ካሸር ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ የጎደለው ከኪስ ይሞላል። ማናጀሬ አልጮኸብኝም። «ያጋጥማል፣ ነገ አስገቢው» አለኝና ወደ ሌላ ወሬ ገባ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ቀርተውታል፣ ቅርንጫፋችን የተቀማጭ ታርጌቱን አልሞላም፣ እያንዳንዳችን ስንት አዲስ ደንበኛ እንዳመጣን እንጠየቃለን። እኔ እስከዚያ ቀን ያመጣሁት አከራያችንንና የሰፈራችንን ባለሱቅ ነበር።

ያን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ጣቶቼ ብርድ ልብሱ ላይ እየቆጠሩ ነበር። ይህ ሲሆን የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጨለማው ውስጥ ድምፅ አውጥቼ «ልልቀቅ በቃ» አልኩ። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ከወዲያኛው አልጋ «ሥራ አገኘሽ እንዴ?» አለች።

አላገኘሁም።

ለዚህ ጉዳይ አማርኛ የተዘጋጀ መልስ አለው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» ይህ ካልበቃ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይጨመራል። በተረት መቀለድ ይቀላል፤ ግን ተረቱ ዝም ብሎ ፍርሃት አይደለም። እኛ አገር ሥራ ለለቀቀ ሰው መንግሥት የሚከፍለው አበል የለም። ያለን እናት፣ ጓደኛና እቁብ ነው። በራሷ ፈቃድ ለቃ 11 ወር ቤት የተቀመጠች፣ በመጨረሻ ከበፊቱ ባነሰ ደመወዝ የገባች ልጅ አውቃለሁ። «ልብሽን ተከተዪ» የሚሉኝ ሰዎች የቤት ኪራዬን አይከፍሉልኝም።

ተረቱ የማይነግረን አንድ ነገር ግን አለ። ሴትየዋ ብብቷ ውስጥ የያዘችው ምን ነበር? እንቁላል ከሆነ ታጥብቀው። ፍም ቢሆንስ?

«ሥራ ይዘሽ ሥራ ፈልጊ» የሚለውን ምክርም ሞክሬዋለሁ፣ አንድ ዓመት ሙሉ። ማታ ማታ የቴሌግራም የሥራ ማስታወቂያ ቻናሎችን እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለፈተና የምጠራው ሁሌ በሥራ ቀን ነው። ሁለት ጊዜ «አሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ሁለተኛው ቀን ፈተና ክፍሉ ውስጥ «አያቴ ሞተች» ብሎ ፈቃድ የወጣ የሥራ ባልደረባዬ ከፊቴ ተቀምጦ አገኘሁት። ተያየን። ማናችንም ሰላም አላልንም። ሁለታችንም አላለፍንም።

ከዘጠኝ ሺሁ በኋላ ግን ማሰቤን ትቼ መደመርና መቀነስ ጀመርኩ። መቼም ሥራዬ ነው።

ያጠራቀምኩት 41,000 ብር ነበር፤ ጉድለቱን ስከፍል 32,000 ቀረ። በወር የኪራይ ድርሻዬ 6,000፣ ለምግብና ለታክሲ 5,000፣ ለእናቴ የምልከው 2,000፣ እቁብ 3,000። ድምሩ 16,000። ስለዚህ ዛሬ ብለቅ የምኖረው ሁለት ወር ነው። እቁቡ ደግሞ በየካቲት ወጥቶልኛል፣ ብሩም በእናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምና አልቋል። ገና ስምንት ወር እከፍላለሁ። እቁብ ወስዶ መጥፋት ምን ማለት እንደሆነ ለሀገሬ ሰው አላስረዳም።

ቀጥሎ አዋጁን አነበብኩ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስልኬ ላይ ሁለት ዓመት ተቀምጦ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም። ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፣ ምክንያት መደርደር አይጠበቅበትም። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰባል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። እንቅልፌን የከለከለኝ ግን ይሄ ነው፤ በገዛ ፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ አምስት ዓመት ከሞላውና አሠሪው ያሠለጠነበት የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። ለእኔ 70 ቀን ይሆናል።

እኔ የተቀጠርኩት ጥቅምት 6 ቀን 2013 ነው። ብር የሚቀየርበት ሰሞን፤ አሮጌውን ኖት ይዞ የመጣው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ይደርስ ነበር፣ ባለ 200ው ኖት ገና ያስገርመን ነበር። አምስት ዓመት ሊሞላኝ አራት ወር ይቀራል ማለት ነው።

አራት ወር። ያን ያህል ከታገስኩ የእቁቡ ዕዳ በግማሽ ይቀንሳል፣ በወር 3,000 ብር ገደማ እቆጥባለሁ፣ 70 ቀኑ ይጨመራል። የሁለት ወሩ ስንቅ አምስት ወር ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ምንም አያከራክርም። ማታ ሲሆን ግን ጣቶቼ ወረቀት አያነቡም።

ስሌቱ ውስጥ ያላስገባሁት አንድ ሰው ነበር፤ ዋሴ። ስቀጠር የፈረመልኝ አጎቴ ነው፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ መምህር። የደመወዝ ደብዳቤውን ይዞ ከኮተቤ ድረስ መጥቶ ነው የፈረመው። ብለቅ የማፍረው ከእናቴ ቀጥሎ እሱን ነው። እሁድ ቀን ሄድኩ። ቡና ሁለተኛው እስኪደርስ ወሬ አዞርኩ፣ ከዚያ አወጣሁት።

«ጋሼ፣ ሥራውን ልለቅ ነው። ሌላ አላገኘሁም። እርስዎን እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ስኒውን አስቀመጠ። «ገንዘብ ጎድሎብሻል?»

«ጎድሎ ነበር፣ ከፍያለሁ።»

«ሌላ የሚፈልጉብሽ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» አለ። «እኔ ዋስ የሆንኩት እንዳትሰርቂ ነው እንጂ እንዳትሄጂ አይደለም።»

አምስት ዓመት ያን ፊርማ እንደ ሰንሰለት ተሸክሜዋለሁ። ለካ ማንም አላሰረኝም። ያም ሆኖ መንገድ ላይ ሳስበው፣ ሁሉም ሰው እንደ እኔ ነፃ እንዳልሆነ ገባኝ። እዚያው ቅርንጫፍ ለሠራተኛ በሚሰጥ ዝቅተኛ ወለድ ቤት የገዛ ባልደረባ አለኝ። እሱ ቢለቅ ወለዱ እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ይሆናል። ከእኔ ይልቅ ተማሯል፣ ከእኔ ይልቅ ግን መቆየት አለበት። እሱን «ደፋር ሁን» ማለት ነውር ነው።

ስለዚህ አራቱን ወር ቆየሁ። ቀላል ነበር አልልም። ሐምሌ ላይ አንድ ደንበኛ ሲስተም ስለተቋረጠ ሰድቦኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጤና ጣቢያ ሄጄ የደም ግፊቴ በ28 ዓመቴ ከፍ ማለቱ ተነገረኝ። ያን ዕለት 70 ቀኑን ረስቼ ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ አላስገባሁትም። ነርሷ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ፣ ካልወረደ እናወራለን» ብላኝ ነበርና ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ካልወረደ ገንዘቡ ይቅርብኝ። ዘጠኝ ቀን የዓመት ፈቃድ ወሰድኩ፣ ሥራ አልፈለግኩም፣ ተኛሁ። ስመለስ ወርዷል። ቀጠልኩ። ባይወርድ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በሌላ መልክ እጽፈው ነበር፣ ስህተትም አይሆንም ነበር።

ደብዳቤውን መስከረም 15 ቀን አስገባሁ፣ የ30 ቀኑ ማብቂያ ከአምስት ዓመቱ በኋላ እንዲውል አድርጌ። ማናጀሬ አነበበው። «የት ገባሽ?» አለ።

«የትም።»

ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ስንት ብር ይዘሽ ነው?» አለኝ። ጥያቄው የአለቃ አልነበረም። ለራሱ ነው የጠየቀው።

ዛሬ ከወጣሁ ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ሥራ አላገኘሁም። ሁለት ፈተና ተፈትኛለሁ፣ አንዱን አልፌ ቃለ መጠይቅ እየጠበቅኩ ነው። ክሊራንሴን ጨርሻለሁ፣ የሥራ ልምዴን በእጄ ይዣለሁ፣ የኅዳርን እቁብ ከፍያለሁ። አንዳንድ ጠዋት ያጠፋሁ ይመስለኛል፣ በተለይ የቀድሞ ባልደረቦቼ ግሩፕ ላይ ስለ ደመወዝ ጭማሪ ሲያወሩ። የተረቱ ሴትዮ ትዝ ትለኛለች። እኔ የብብቴን አልጣልኩትም፤ መሬቱን አይቼ፣ ጎንበስ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ቆጡ ላይ ያለው ግን አሁንም ቆጡ ላይ ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም ነበር። በየማታው ስትደውል «ሥራ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች፣ «ደህና» እላለሁ። ትናንት ስትጠይቀኝ አፌ እንቢ አለኝ።

«እማ፣ ለቅቄያለሁ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው።»

ዝም አለች። ከበስተጀርባዋ የደብረ ብርሃን ውሻ ይጮኻል። እንዳልተቋረጠ ለማረጋገጥ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

«እንቅልፍ ትተኛለሽ?» አለችኝ።

ለካ እኔ ቤት በሄድኩ ቁጥር አንድ አልጋ ላይ ነው የምንተኛው። ጣቶቼን አይታቸዋለች።

«እተኛለሁ» አልኳት።

«የዚህን ወር ብር እንዳትልኪ እንግዲህ» አለችና ስለ ጎረቤታችን ሠርግ ታወራኝ ጀመር።