ስለ መሮ ብረት

መሮ የሚገዛ ሰው ሁሉ አስቀድሞ «ጠንካራ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን «ሲዶለዱም በምን ይሳላል?» የሚለው ይቀድማል እላለሁ። የጅጋ ጎረቤቴ አናጢ መሳያው የወንዝ ድንጋይና ውሃ ነው። ቱንግስተን ከገባበት የመሰርሰሪያ ብረት የተሠራ መሮ ዋንዛውን ብዙ ቀን ይፈለፍላል፤ አንድ ጊዜ ከዶለዶመ ግን ድንጋዩ ያልቃል እንጂ ስለቱ ቶሎ አይመለስም። አናጢውም ያን ዕለት በሩን ሳይጨርስ፣ ዋጋውንም ሳይቀበል ይውላል።

ቀጥቃጩ የሚመርጠው የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። ከመቶው ግማሽ ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ካርቦን ስላለው ድንጋይ ይታዘዘዋል። የአሮጌ ሞረድ ካርቦን ከመቶው 1 ያህል ስለ ሆነ ስለቱ ይበልጥ ይቆያል፤ በሚገባ ካልለዘበ ግን በመዶሻ ሲመታ ይሸረፋል። ማለዘቡ ነው ዋናው ጥበብ። በወናፍ አግሎ ዘይት ውስጥ ከነከረው በኋላ ጠርዙን ፈትጎ በቀስታ ያሞቀዋል፤ የገለባ ቢጫ ሲመስል ያቆማል። ይህም 230 ዲግሪ ገደማ ነው። ወደ ሰማያዊ ካለፈ ስለቱ ይታጠፋል። ሙቀቱን የሚለካው በዓይኑ ብቻ ነው!

ይህን በክፍል ስናገር «ቀጥቃጭ» በሚለው ቃል የሚስቁ አሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር።

መሮ የምታሠሩ ባሌስትራውን ይዛችሁ ሂዱ። ስለቱን ለዋንዛ 25፣ ለወይራ 30 ዲግሪ አድርጋችሁ ሳሉት።