ማረሻው መሬት ይደር

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚመለከተው የቦረና ደጋ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የገበሬውን ሁኔታ የተመለከተ ሰው እንደሚመሰክረው፣ በሬው ከቀንበር ሳይፈታ ወደ ቤቱ የሚመለስ አራሽ የለም፤ ምራኑ ይላላል፣ ቀንበሩ ከጫንቃ ይወርዳል፣ ሞፈሩም ወይ በትከሻ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ወይ ለነገ ከተባለ ከማሳው ዳር ይጋደማል። ይህን ሥርዓት ለገበሬው ያስተማረው ሊቅም ሆነ መጽሐፍ የለም፤ ያስተማረው የበሬው ዓይን ነው። ደክሞት የቆመ እንስሳ ሸክሙን ተሸክሞ እንዲያድር ማድረግ ነውር መሆኑን ያ ዓይን ያለ አንደበት ይናገራል።

ትራክተር ግን እንዲህ ያለ ዓይን የለውም። ስለዚህም አነስተኛ ትራክተር የገዛ ወይም የተከራየ ሰው፣ በበሬ ላይ የማይፈጽመውን ግፍ በብረቱ ላይ ሲፈጽም ቅንጣት ታህል አይሰማውም፤ ማረሻውን ከኋላው እንደ ተንጠለጠለ ትቶ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን እዚያው ረስቶ ወደ ራቱ ይሄዳል። ለምን እንዲህ አደረግህ ቢሉት፣ ለነገ ሥራ ዝግጁ እንዲሆን ነው ይላል። በልቡ ግን፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ አላፊ አግዳሚው ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ማረሻ አይቶ እንዲያደንቅለት ነው።

ማረሻውን ከትራክተሩ ኋላ የሚያንጠለጥለውን ማያያዣ ጥንተ ነገር የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። ነገሩን ያፈለቀው ሐሪ ፈርጉሰን የሚባል የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ እርሻን ሸሽቶ ወደ ሞተር የኮበለለ፣ በ1909 በዓመቱ የመጨረሻ ቀንም ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ሰማይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረ ሰው ነው። እንዲህ ወደ ሰማይ የሸሸውን ሰው እርሻ መልሳ ያዘችው፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት፣ በ1917፣ የሀገሪቱ የእርሻ መሥሪያ ቤት ትራክተሮች በአግባቡ እንዲሠሩ እየተዘዋወረ እንዲያሳይና እንዲያስተምር አዘዘው። ሲዞርም ያየው ነገር አላስደሰተውም። የዚያ ዘመን ትራክተር ማረሻውን እንደ ጋሪ ከኋላው ይጎትት ነበርና፣ ማረሻው ከሥርና ከድንጋይ ጋር ተጋጥሞ ድንገት እምቢ ባለ ጊዜ፣ ሞተሩ የተያዘውን የኋላ ጎማ ለማዞር መታገሉን ስለማይተው የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሣል፤ ሹፌሩም ካልቀደመው ብረቱ ወደ ኋላ ተገልብጦ ይወድቅበታል።

ፈርጉሰን ከብዙ ድካም በኋላ ያገኘው መፍትሔ ሦስት ነጥብ ነው። ሁለት ክንዶች ከታች ማረሻውን ይጎትታሉ፤ አንድ ዘንግ ደግሞ ከላይ በመካከል ይቆማል። አፈሩ ማረሻውን ሲቃወመው ማረሻው ወደ ፊት ሊደፋ ይሻል፤ ይህን መደፋት የላይኛው ዘንግ ተቀብሎ ትራክተሩን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ አፍንጫውም እንዳይነሣ ወደ መሬት ይጫናል። ለገዳይነት ይሠራ የነበረው ኃይል በዚህ ዘዴ ጠባቂ ሆነ። በ1926 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት፤ ዘይት የሚገፋውንም ማንሻ ጨምሮበት፣ የላይኛው ዘንግ የሚሰማውን ጫና እየተከተለ ማረሻውን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አሠራር አበጀ። የእኛ ገበሬ እርፉን ጨብጦ በመዳፉ የሚያውቀውን የአፈር ጠባይ፣ ፈርጉሰን ለአንድ ዘንግ አስተማረው ማለት ነው።

በጥቅምት ወር 1938 ሄንሪ ፎርድ ዘንድ ቀርቦ ሥራውን ካሳየው በኋላ፣ ሁለቱ ሰዎች ያለ ጽሕፈትና ያለ ዋስ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ተዋዋሉ፤ በዓመቱም በዚሁ ማያያዣ የተሠራው የፎርድ ትራክተር ወጣ። ኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ውሉን ባፈረሰ ጊዜ ክርክሩ ለዓመታት ተጓትቶ፣ በ1952 ለፈርጉሰን ዘጠኝ ሚሊዮን ከሩብ ዶላር ተከፍሎት አለቀ። ከቦረና ሽማግሌዎች አንዱ በመካከላቸው ቢቀመጥ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ቀን ዋስ ጥሩ ይላቸው ነበር።

እንግዲህ በክረምት ጭቃ የተያዘ አይሱዙ ለማውጣት ሰንሰለቱን በላይኛው ዘንግ ቦታ ላይ የሚያስር ሰው፣ ፈርጉሰን ዕድሜውን የጨረሰበትን ሥራ በአንድ ቋጠሮ ያፈርሰዋል፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ሸክም አፍንጫውን ያነሣዋልና፣ ሰውየው ሳያውቀው ወደ 1917 ተመልሷል። ሸክም የሚጎተተው ዝቅ ብሎ ከተተከለው የመጎተቻ ብረት ብቻ ነው። በዳገት ላይ ማረሻ አንሥቶ የሚወጣም የፊት ጎማው እየቀለለ፣ መሪውም እየከዳው እንደሚሄድ ይወቅ። በማሳው ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ ያንሣ፣ ቀጥሎ ይዙር፤ አፈር ውስጥ እንደ ገባ ያዞረው ማረሻ ክንዶቹን ያጣምማል።

ማረሻውን መሬት ላይ የማሳደሩ ምክንያት ደግሞ ዘይቱ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ያን ሁሉ ብረት አንሥቶ የያዘው ከቫልቭ በስተኋላ የታሰረ ጥቂት ዘይትና አንዲት የጎማ ቀለበት ናት፤ ቀለበቷ ብታረጅ ማረሻው ሌሊቱን ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሕፃን ወንበሩ ላይ ወጥቶ የማንሻውን እጀታ ቢነካ ግን፣ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ እንኳ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ በደልዳላ ስፍራ ማቆም፣ ለመሣሪያው ኃይል የሚሰጠውን የኋላ ዘንግ ማላቀቅ፣ ማረሻውን እስከ መሬት ማውረድ፣ ፍሬን መያዝ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ኪስ ውስጥ መክተት ነው። ከሥሩ ገብቶ ብሎን ማጥበቅ ያስፈለገው ሰው ጠንካራ ድጋፍ ሳያስገባ ራሱን ለዘይት አደራ አይስጥ። ሲያያይዝም ትራክተሩ ወደ ኋላ እየመጣ ሳለ በመካከል ሰው አይቁም፤ ግራው ክንድ ይቅደም፣ ከፍታው የሚስተካከለው ቀኙ ይከተል፣ የላይኛው ዘንግ መጨረሻ ይግባ።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ለአንድ አዛውንት ባለ ትራክተር ዘርዝሬ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰምተው፣ «ልጄ፣ መልካም ብለሃል፤ ግን ብረት እርጥብ መሬት ላይ ሲያድር ይዝጋል» አሉኝ።

«አባባ፣ ከሥሩ የባሕር ዛፍ ጣውላ ያድርጉበት» አልኳቸው።

«ጣውላውንስ ማን ይጠብቅልኛል? ሳይነጋ ማገዶ ሆኖ ያድራል።»

በዚህ ጥቂት ተከራከርን። ድንጋይ ግን በዚያ ሀገር ስለማይሰረቅ፣ በመጨረሻ በሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ተስማማን።